ሂፖካምፐስ መጋዘን አይደለም፣ ትዝታም ቪዲዮ አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

አንጎል ትዝታን የት እንደሚያስቀምጥ እናብራራለን የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው አይተናል። የሚለው ባጭሩ ይኸው ነው፦ ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል የትዝታ መጋዘን ነው፤ እያንዳንዱ ትዝታ የራሱ ሕዋስ አለው፤ አንጎል ያየነውን ሁሉ እንደ ቪዲዮ ቀርጾ ስለያዘ የረሳነውን በሂፕኖሲስ (ሰውን በንግግር ሰመመን መሰል ሁኔታ ውስጥ በማስገባት) ማውጣት ይቻላል፤ አንጎል 2.5 ሚሊዮን ጊጋባይት ይይዛል፣ የምንጠቀመው ግን 10 በመቶውን ብቻ ነው፤ ተማሪ ተኝቶ የተቀዳ ትምህርት ቢያዳምጥ ይገባለታል፤ አረጋውያን የሚረሱት መጋዘኑ ስለሞላ ነውና አያሳስብም።

ጽሑፉ ቀላልና ለንባብ የሚመች ነው፤ ለዚህም ይመስላል በፍጥነት የተዛመተው። ነገር ግን የመጀመሪያው ስሕተት የቀሩትን ወልዷል፤ የመጨረሻው ደግሞ ሕክምና የሚያሻውን ሰው ቤቱ የሚያስቀር ነው። ስለዚህ በየተራ እንመልሳለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሂፖካምፐስ የትዝታ መጋዘን ነው»

ይህን አባባል ለመፈተን ሄንሪ ሞላይሰን ከተባለው አሜሪካዊ የተሻለ ምስክር የለም። በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ መድኃኒት አልመልስ ላለው የሚጥል በሽታ ሃርትፎርድ ከተማ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ቀዶ ሐኪሙ ዊሊያም ስኮቪል በግራም በቀኝም ከቴምፖራል ሎብ (በጆሮ በኩል ካለው የአንጎል ክፍል) ውስጠኛ ገጽ የሂፖካምፐስን ትልቅ ክፍል፣ ከፍርሃት ጋር የተያያዘውን አሚግዳላንና በዙሪያቸው ያለውን ኮርቴክስ (የአንጎል ውጫዊ ሽፋን) አወጣ። በሽታው ጋብ አለ። ሰውየው ግን በ2008 እስኪሞት ድረስ፣ ለ55 ዓመታት፣ የዕለት ገጠመኙን መያዝ አልቻለም። ሲያነጋግረው የቆየ ሰው ከክፍሉ ወጥቶ ሲመለስ እንደ አዲስ ይተዋወቀዋል።

ሂፖካምፐስ መጋዘን ቢሆን ኖሮ መጋዘኑ ሲወጣ ያለፈው ሕይወቱም አብሮ መውጣት ነበረበት። አልወጣም። ወላጆቹን፣ ያደገበትን ቤት፣ የልጅነት ጊዜውን ያስታውስ ነበር። የደበዘዙበት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያሉት ጥቂት ዓመታት ናቸው። ቋንቋው አልተነካም፤ የማሰብ ችሎታ ፈተና ሲሰጠው 112 አገኘ፣ ይህም ከአማካዩ በላይ ነው።

ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር ያየችው ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። አንድ ቀን 584 የሚለውን ቁጥር እንዲይዝ ነገረችው። ሞላይሰን ማንም ሳያቋርጠው 15 ደቂቃ ያህል ያዘው። እንዴት እንደያዘው ሲጠየቅ፣ 8ን አስታውሳለሁ፤ 5፣ 8 እና 4 ሲደመሩ 17 ይሆናሉ፤ ከ17 ላይ 8 ሲነሣ 9 ይቀራል፤ 9 ለሁለት ሲከፈል 5 እና 4 ነው አለ። ወሬው ወደ ሌላ ከዞረ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ግን ቁጥሩንም ስሌቱንም አያውቃቸውም። ከዚህ የምንረዳው ለአፍታ አንድን ነገር በአእምሮ ይዞ ማውጠንጠን ሂፖካምፐስ ባይኖርም እንደሚሠራ ነው። ያ ሥራ ይበልጡን በፊተኛውና በላይኛው የኮርቴክስ ክፍል የሚከናወን ነው።

ሌላም አለ። በመስታወት ብቻ እያየ፣ እጁን በቀጥታ ሳያይ፣ በሁለት መስመር በተሣለ ኮከብ መሐል እርሳስ እንዲነዳ ተደረገ። ማንም ሰው መጀመሪያ ላይ ይህን ሲሞክር እርሳሱ ወደ ተቃራኒው ይሄድበታል። ሞላይሰን ለሦስት ቀናት ሲለማመድ ስሕተቱ በየቀኑ ቀነሰ፤ በሦስተኛው ቀን እጁ ሥራውን ለምዶታል። እርሱ ግን ይህን ነገር ከዚያ በፊት ሠርቼው አላውቅም ባይ ነው። እጁ ተምሯል፣ መማሩን ግን አያውቅም። የእጅ ልምድ የሚቀረጸው በአንጎል ውስጠኛው ክፍል ባሉት ቤዛል ጋንግሊያ፣ በኋለኛው ንዑስ አንጎልና በእንቅስቃሴ ኮርቴክስ ነውና።

ፍርሃትም የራሱ መንገድ አለው። በ1995 አንቷን ቤሻራና ባልደረቦቹ ሦስት ሕሙማንን መረመሩ። በስክሪን ላይ የተለያዩ ቀለሞች ይታያሉ፤ አንደኛው ቀለም ሲመጣ ብቻ ከባድ የጥሩምባ ድምፅ ያስደነግጣል። አሚግዳላው የተጎዳው ሰው የትኛው ቀለም ድምፁን እንደሚያስከትል በትክክል ይናገራል፣ ነገር ግን ቀለሙን ሲያይ ቆዳው ላቡን አይጨምርም፤ ሰውነቱ አይፈራም። ሂፖካምፐሱ የተጎዳው በተቃራኒው ቀለሙ ሲመጣ ሰውነቱ ይደነግጣል፣ ለምን እንደሆነ ግን መናገር አይችልም። ሁለቱም የተጎዱበት ሁለቱንም አጥቷል። ከአንድ ገጠመኝ የተገኘ ትምህርት በሁለት ቦታ በሁለት መልክ እንደተያዘ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ሙከራ ለማግኘት ያስቸግራል።

ታዲያ የሂፖካምፐስ ሥራ ምንድን ነው? ቡና የተፈላበትን አንድ ከሰዓት እንውሰድ። የጭሱ ሽታ፣ የተቀመጡት ሰዎች ፊት፣ የወሬው ድምፅ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው የኮርቴክስ ክፍል ሕዋሳትን ያነቃሉ። የዚህ ሁሉ ጥንቅር ኢንቶራይናል ኮርቴክስ በሚባለው በር በኩል ወደ ሂፖካምፐስ ይደርሳል፤ ሂፖካምፐስም እነዚያ ሕዋሳት አብረው እንደነበሩ ያስራል። በሌላ ቀን ሽታው ብቻ ሲመጣ፣ በሂፖካምፐስ ውስጥ ሲኤ3 የሚባለው ክፍል ከጎደለው ላይ ሙሉውን ያሟላና የቀሩትን የኮርቴክስ ሕዋሳት መልሶ ያነቃል። ፊቱም ድምፁም ትዝ የሚለን ያኔ ነው። ሳምንታት፣ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሲያልፉ የኮርቴክስ ሕዋሳት እርስ በርስ ያላቸው ግንኙነት እየጠነከረ ይሄዳል። እስከ መጨረሻው ሂፖካምፐስን ይፈልጋሉ ወይስ ራሳቸውን ይችላሉ የሚለው ተመራማሪዎችን አሁንም ያከራክራል። ዝርዝርና ሕያው የሆነ ገጠመኝን ለማስታወስ ምንጊዜም ሳያስፈልግ አይቀርም የሚሉት ወገኖች ማስረጃቸው ጠንካራ ነው ብለን እናምናለን። የቃላት ትርጉምና አጠቃላይ ዕውቀት ግን ከእርሱ ውጭ መኖራቸው የተረጋገጠ ነው፤ የቴምፖራል ሎብ ፊተኛው ጫፍ እየመነመነ በሚሄድበት በሽታ፣ ትናንት ምን እንደተደረገ የሚናገር ሰው «ማንኪያ» ምን ማለት እንደሆነ ይጠፋዋል።

«እያንዳንዱ ትዝታ የራሱ ሕዋስ አለው»

ጽሑፉ እዚህ ላይ የጠቀሰው እውነተኛ ጥናት ነው፤ ያነበበበት መንገድ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በ2005 ሮድሪጎ ኪያን ኪሮጋና ባልደረቦቹ ለሚጥል በሽታ ምርመራ ቀጫጭን ኤሌክትሮዶች አንጎላቸው ውስጥ የገቡላቸውን 8 ሕሙማን ፎቶ እያሳዩ የነጠላ ሕዋሳትን ምልክት መዘገቡ። አንዲት ሕዋስ የአንዲት ታዋቂ ተዋናይት ፎቶ በየትኛውም አቅጣጫ ቢነሣ ትነቃለች፤ ሌላዋ የሌላ ተዋናይትን ፎቶም ስሟ የተጻፈበትን ፊደልም ስታገኝ ትነቃለች።

«የአንድ ሰው ሕዋስ ተገኘ» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው። እስቲ እናስላው። የሰው አንጎል ወደ 86 ቢሊዮን የነርቭ ሕዋስ አለው። ተመራማሪዎቹ በአንድ ጊዜ የሚያዳምጡት ጥቂት ደርዘን ሕዋሳትን፣ የሚያሳዩትም መቶ ያህል ፎቶ ነው። ለአንድ ሰው አንዲት ሕዋስ ብቻ ብትኖር ኖሮ በዚያ አጋጣሚ እርሷኑ ማግኘት ፈጽሞ አይታሰብም። ተገኘች ማለት እንደ እርሷ ያሉት ብዙ ናቸው ማለት ነው። ከዚያው ቡድን የወጣው ቀጣይ ስሌት ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ የሚነቁት ሕዋሳት እስከ 2 ሚሊዮን ሊደርሱ እንደሚችሉ ገመተ። አንዷ ሕዋስም ለአንድ ነገር ብቻ አትሠራም፤ ለተያያዙ ሰዎችና ቦታዎችም ትነቃለች። ደግሞስ ሕዋሳት በዕድሜ ዘመን ይሞታሉ፤ ትዝታ በአንዲት ሕዋስ ላይ ቢንጠለጠል አንድ ጠዋት የእናታችን ፊት ብቻውን ተለይቶ በጠፋ ነበር።

ወደ ሌላኛው ጽንፍ የሄደም ነበር። ተመራማሪው ካርል ላሽሊ መውጫ መንገድ የተማሩ አይጦችን ኮርቴክስ እየቆረጠ ትዝታው ያለበትን ቦታ ለዓመታት ሲፈልግ ኖረ፤ በ1950 በጻፈው ማጠቃለያ ቦታውን አላገኘሁትም፣ የሚወስነው የተቆረጠው መጠን እንጂ ቦታው አይደለም አለ። መንገዱን አይጧ በዓይኗም፣ በአፍንጫዋም፣ በጢሟም፣ በእግሯም ስለምታውቀው አንዱ ሲቆረጥ ሌላው እንደሚተካ አልገመተም። ትዝታ የትም ነው ማለት አይቻልም፣ አንድ ቦታ ነው ማለትም አይቻልም።

የሚለወጠው ነገር ሕዋሷ ሳትሆን በሕዋሳት መካከል ያለው መገናኛ፣ ሲናፕስ፣ ነው። ክፍተቱ 20 ናኖሜትር ያህል ነው። ነገሩ በቅደም ተከተል ሲታይ እንዲህ ነው። ላኪዋ ሕዋስ ግሉታሜት የሚባል ኬሚካል ትለቃለች። ተቀባይዋ ላይ ሁለት ዓይነት መቀበያ አለ። ኤኤምፒኤ የሚባለው ወዲያው ተከፍቶ ሶዲየም ያስገባል። ኤንኤምዲኤ የሚባለው ግን ቀዳዳው በማግኒዚየም ስለተደፈነ ግሉታሜት ቢደርሰውም ምንም አያሳልፍም። ተቀባይዋ ሕዋስ በዚያው ቅጽበት ከሌላም ወገን ተነቅታ የኤሌክትሪክ ኃይሏ ከፍ ሲል ማግኒዚየሙ ይገፋል፤ ካልሲየም ይገባል። ካልሲየሙ ካምኬይቱ የተባለውን ኤንዛይም ያነሣሣል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ተጨማሪ ኤኤምፒኤ መቀበያዎች ወደ ሲናፕሱ ይገባሉ፤ በቀጣዩ ጊዜ ያው ምልክት ሲመጣ መልሱ ከፊተኛው የበረታ ይሆናል። ይህ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ለቀናትና ለዓመታት እንዲጸና ሕዋሷ ጂን አንቅታ አዲስ ፕሮቲን መሥራት፣ ሲናፕሱም ቅርጹ መስፋት አለበት። ብዙ ነገር ሳይጸና የሚቀረው እዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ አደጋ የደረሰበት ሰው ከአደጋው በፊት ያሉትን ደቂቃዎች የማያስታውሰው ይህ ሥራ በመቋረጡ ነው። የሲናፕስን መጠንከር ቲም ብሊስና ቴርየ ሎሞ ኦስሎ ውስጥ በጥንቸል አንጎል አይተው በ1973 አሳተሙ። በ1986 ደግሞ ሪቻርድ ሞሪስና ባልደረቦቹ የኤንኤምዲኤ መቀበያን በመድኃኒት ሲዘጉ አይጦች በደፈረሰ ውኃ ውስጥ የተደበቀውን መቆሚያ ቦታ መማር አቃታቸው።

በሕዋሳት ቡድን ትዝታ መያዙን በግልጽ ያሳየው የሱሱሙ ቶኔጋዋ ቤተ ሙከራ ነው። በ2013 ባወጡት ሙከራ አይጧን መጀመሪያ አንድ ሣጥን ውስጥ፣ ምንም ሳይነካት፣ አዟዟሯት። ያኔ የነቁት የሂፖካምፐስ ሕዋሳት ብቻ ሰማያዊ ብርሃን ሲያገኙ እንዲነቁ በጂን ዘዴ ምልክት ተደረገባቸው። በማግሥቱ ሌላ ሣጥን ውስጥ አስገብተው እነዚያን ሕዋሳት በቀጭን የብርሃን ገመድ እያነቁ እግሯን በኤሌክትሪክ ነዘሯት። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ሣጥን ስትመለስ ደርቃ ቀረች፤ ምንም ክፉ ነገር ደርሶባት የማያውቅበትን ቦታ ፈራች። ይህ ማለት ግን ትዝታው እዚያው ብቻ ነው ማለት አይደለም። የዚሁ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች በ2022 ባሳተሙት ካርታ 247 የአይጥ አንጎል ክፍሎችን መርምረው የአንድ ፍርሃት ትዝታ ከመቶ በሚበልጡት ላይ ተበትኖ የመገኘት ዕድሉ ከፍተኛ መሆኑን አሳይተዋል። ሂፖካምፐስን መንካት የተበተነውን ቡድን ያስነሣል እንጂ።

«አንጎል ሁሉን እንደ ቪዲዮ ቀርጿል፤ በሂፕኖሲስ ይወጣል»

ማስረጃ ተብሎ የቀረበው የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ የዋይልደር ፔንፊልድ ሥራ ነው። ሞንትሪያል ውስጥ ሕሙማን ነቅተው ሳለ የአንጎላቸውን ገጽ በቀላል ኤሌክትሪክ ሲነካ አንዳንዶቹ ሙዚቃ ሰማሁ፣ ያለፈ ነገር አየሁ ብለዋል። ጽሑፉ ያልነገረን ቁጥሩን ነው። በ1963 በወጣው ዘገባ ቴምፖራል ሎባቸው ከተነካው 520 ሕሙማን ይህን የመሰለ ነገር የተናገሩት 40 ናቸው፤ ከመቶ 8 አይሞሉም። ከተናገሩትም ብዙው ሕልም የሚመስል ቁርጥራጭ ነው፤ በእርግጥ የሆነ ነገር መሆኑም አልተረጋገጠም። የተነካው ቦታ ተቆርጦ ሲወጣ እንኳ ትዝታው አልጠፋም። ቴፕ ተቆርጦ ዘፈኑ የሚቀር ከሆነ ዘፈኑ ከመጀመሪያውም እዚያ ቴፕ ላይ አልነበረም።

በ1974 ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የመኪና ግጭት ፊልም ለ150 ተማሪዎች አሳዩ። ለ50ዎቹ መኪኖቹ «ሲጋጩ» ፍጥነታቸው ስንት ነበር ተብሎ፣ ለሌሎች 50 «ተላትመው ሲደቃቀቁ» ተብሎ ቀረበላቸው፤ የቀሩት 50 ስለ ፍጥነት አልተጠየቁም። ከሳምንት በኋላ የተሰባበረ መስታወት አይታችኋል ወይ ሲባሉ፣ «ሲደቃቀቁ» የተባሉት 16፣ «ሲጋጩ» የተባሉት 7፣ ያልተጠየቁት 6 ሰዎች አይተናል አሉ። ፊልሙ ላይ የተሰባበረ መስታወት አልነበረም። በጠያቂው አፍ ውስጥ ያለች አንዲት ቃል በተጠያቂው ዓይን የታየች ሆነች።

ልብ የሚነካ ነገር አይረሳም የሚል ካለም፣ በ1986 ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር ስትፈነዳ አልሪክ ናይሰርና ኒኮል ሃርሽ በማግሥቱ ተማሪዎችን የት ሆነው፣ ከማን እንደሰሙ አስጻፉ። ከ2 ዓመት ተኩል በላይ ቆይተው ከመካከላቸው 44ቱን እንደገና ጠየቁ። ከ7 ነጥብ አማካዩ 3 አልሞላም፤ 11ዱ ዜሮ አገኙ። አብዛኛዎቹ ግን በትዝታቸው እርግጠኞች ነበሩ፤ የገዛ እጅ ጽሑፋቸው ሲታያቸውም ስሕተቱ ወረቀቱ ላይ ነው ያሉ ነበሩ። እርግጠኝነትና ትክክለኛነት ተለያይተው መሄድ ይችላሉ። ስሜት ትዝታን ያደምቃል፣ ከመዛባት ግን አያድነውም።

ምክንያቱ ማስታወስ ራሱ ሥራ መሆኑ ነው። ከላይ እንዳልነው አንጎል ከቁራጭ ላይ ሙሉውን ያሟላል፤ የጎደለውን ከጠቅላላ ዕውቀት፣ ከኋላ ከሰማው፣ ከጠያቂው ቃል ይሞላል። ካሪም ናደርና ጆሴፍ ለዱ በ2000 እንዳሳዩት በአይጥ ላይ የጸና የፍርሃት ትዝታ እንደገና ሲነሣ ለጥቂት ሰዓታት ይላላል፤ ያኔ አሚግዳላ ውስጥ አዲስ ፕሮቲን እንዳይሠራ ከታገደ ይጠፋል። ካልተነሣ ግን ያው መድኃኒት አይነካውም። በሰው ላይ የተደረጉት ተመሳሳይ ሙከራዎች ውጤት የተደበላለቀ ስለሆነ «መጥፎ ትዝታ እናጠፋለን» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ገንዘቡን አይስጥ።

ሂፕኖሲስን በተመለከተ ነገሩ የከፋ ነው። በሂፕኖሲስ ሥር ያለ ሰው ብዙ ይናገራል፣ በሚናገረውም ይበልጥ ይተማመናል፤ ትክክለኛው ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። በዚህ የተነሣ በርካታ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ፍርድ ቤቶች እንዲህ የወጣን የምስክር ቃል አይቀበሉም ወይም በጥብቅ ይገድባሉ። በዚያው አገር በዲኤንኤ ነፃ ከወጡት ከ370 የሚበልጡ ፍርደኞች ወደ 70 በመቶ በሚሆኑት መዝገቦች ላይ የተሳሳተ የዓይን ምስክር ነበረ። አብዛኞቹ ምስክሮች ውሸታሞች አልነበሩም፤ ያዩት ይመስላቸዋል።

ለጠበቆች፣ ለፖሊሶች፣ በሽምግልና ለሚቀመጡም የሚጠቅመው አሠራር የታወቀ ነው። ምስክሩ ከሌላ ምስክር ጋር ሳይነጋገር፣ በቶሎ፣ በራሱ ቃል ይናገር ወይም ይጻፍ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አየህ?» ይሁን፤ «ቀይ ሹራብ የለበሰው ነው ወይ?» ከተባለ ሹራቡ ትዝታው ውስጥ ገባ። ሰው እንዲለይ ሲደረግ ተጠርጣሪው በመካከላቸው ላይኖር እንደሚችል አስቀድሞ ይነገረው፤ መርማሪው ራሱ ተጠርጣሪው የትኛው እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል፤ ምስክሩ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ በዚያው ሰዓት ይመዝገብ። ከወራት በኋላ ችሎት ላይ የሚታየው ልበ ሙሉነት በመደጋገም የመጣ ሊሆን ይችላልና ሚዛን አይደፋም።

«2.5 ሚሊዮን ጊጋባይት፣ 10 በመቶ»

የጊጋባይቱ ቁጥር የሕዋሳትና የሲናፕስ ብዛት ተባዝቶ የተገኘ ግምት እንጂ የተለካ ነገር አይደለም። የተለካው ሌላ ነው፦ በ2015 ቴሪ ሴይኖውስኪና ባልደረቦቹ በአይጥ ሂፖካምፐስ ትንሽ ቁራጭ ላይ 26 ያህል የተለያዩ የሲናፕስ መጠኖች ለዩ፣ ይህም 4.7 ቢት (ቢት የመረጃ መለኪያ ነው) ያህል ነው። ነገር ግን አንዱ ሲናፕስ የሺህ ትዝታዎች ተካፋይ ስለሆነ እንደ ፋይል ቆጥሮ መደመር ውኃ አያነሣም።

10 በመቶ የሚባለው ደግሞ ምንም መሠረት የለውም። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሰውነት ዐርፎ ሳለ ከሚፈጀው ኃይል 20 በመቶውን ይወስዳል። ዘጠኝ እጁ ሥራ ፈት ቢሆን ኖሮ ስትሮክ የመታው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምንም ባልሆነ።

«ተኝቶ ማዳመጥ»

እንቅልፍ ለትዝታ ይጠቅማል ማለቱ ልክ ነው። ስሕተቱ እንቅልፍ አዲስ ትምህርት ያስገባል ማለቱ ላይ ነው። በ1956 ቻርለስ ሳይመንና ዊሊያም ኤመንስ ሰዎቹ በእርግጥ መተኛታቸውን በአንጎል ሞገድ እያረጋገጡ ቃላት አሰሟቸው፤ ሲነቁ አላስታወሱም። ከዚያ በፊት ተሳካ የተባለው ተሳታፊዎቹ ሳያውቁት ነቅተው ስለነበረ ነው።

እንቅልፍ የሚያደርገው የተያዘውን ማጽናት ነው። በ1994 ማቲው ዊልሰንና ብሩስ ማክኖተን በቀን ሲዞሩ አብረው የነቁ የአይጥ ሂፖካምፐስ ሕዋሳት በጥልቁ እንቅልፍ አብረው ሲደግሙ አዩ። በ2007 ብዮርን ራሽና ባልደረቦቹ ሰዎች የካርዶችን ቦታ ሲያጠኑ የጽጌረዳ ሽታ አስሸተቷቸው፤ በጥልቅ እንቅልፍ ያው ሽታ የተመለሰላቸው በማግሥቱ 97 በመቶ፣ ያልተመለሰላቸው 86 በመቶ ያህል አስታወሱ። ሽታው የሠራው ሲማሩ ስለነበረ ነው። ስለዚህ የተቀዳ ትምህርት ሌሊቱን ሙሉ ማስጮህ የሚያተርፈው እንቅልፉን መረበሽ፣ ያንኑ የማጽናት ሥራ ማበላሸት ነው።

ተማሪ ምን ያድርግ? ጽሑፉ ደጋግሞ ማንበብን ይመክራል። በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ አንድን ምንባብ በአራት ክፍለ ጊዜ ያነበቡትን፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ አንብበው በሦስት ክፍለ ጊዜ ዘግተው ከጻፉት ጋር አነጻጸሩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን አንባቢዎቹ 40 በመቶ፣ ዘግተው የጻፉት 61 በመቶ አስታወሱ። ደጋግሞ ማንበብ የሚያታልለው ለዚህ ነው፤ ገጹ ስለተለመደ የተያዘ ይመስላል። አንድ ምዕራፍ አንድ ጊዜ በጥሞና ይነበብ፤ ደብተሩ ይዘጋ፤ በባዶ ወረቀት ላይ የቀረው ሁሉ ይጻፍ፤ ከመጽሐፉ ጋር ይመሳከር፤ የተሳተውና የተዘለለው ብቻ ተመልሶ ይነበብ። ማመሳከሩ ከተዘለለ ስሕተቱም አብሮ ይጸናል። የሚደገምበት ጊዜ እንደ ፈተናው ርቀት ይለያያል፤ በ2008 የኒኮላስ ሴፔዳ ጥናት ፈተናው 7 ቀን ሲቀረው የ1 ቀን ክፍተት፣ 35 ቀን ሲቀረው 11 ቀን፣ 70 ቀን ሲቀረው 21 ቀን የተሻለ ውጤት ሰጥተዋል። ዳዊት ለመምህሩ በቃሉ የሚያሰማ የቆሎ ተማሪ፣ ቁርኣን ለኡስታዙ በቃሉ የሚያሰማ ደረሳም ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ከገጹ ዓይንን አንሥቶ ማውጣት ነው።

«አረጋውያን የሚረሱት ስለሞላ ነው»

ይህ አባባል ሰው ይጎዳል። መጋዘን የለም፣ የሚሞላም ነገር የለም። ከዕድሜ ጋር የሚመጣው የተለመደ ለውጥ ስም ቶሎ አለመምጣት፣ አዲስ ነገር ለመያዝ ተጨማሪ ጊዜ መፈለግ ነው፤ የራቀው ስም ቆይቶ ይመጣል። አንድን ጥያቄ በአንድ ከሰዓት አምስት ጊዜ መጠየቅ፣ በለመዱት ሰፈር መጥፋት፣ ለዓመታት የሠሩትን ወጥ ቅደም ተከተሉን መሳት፣ የገንዘብ ኖት ማምታታት ግን የእርጅና ጸባይ አይደለም።

ቤተሰብን ብዙ ጊዜ የሚያዘናጋው «እማማ የጃንሆይን ዘመን እንኳ አንድ በአንድ ያወራሉ፣ ምን ሆኑና!» የሚለው ነው። አልዛይመር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከኢንቶራይናል ኮርቴክስና ከሂፖካምፐስ ነው፤ የሚመታው አዲሱን የማሰር ሥራ ነው። የድሮው በኮርቴክስ ተበትኖ የጸና ስለሆነ ረጅም ጊዜ ይቆያል። መጠየቅ ያለበት ትናንት ማን መጥቶ እንደነበር፣ ቁርስ ምን እንደተበላ ነው።

መዘንጋት ሁሉ አልዛይመር አይደለም፤ ሊታከም የሚችለውን ቀድሞ መፈለግ ግዴታ ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት (ሜትፎርሚን ለዓመታት የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ላይ ሊመጣ ይችላል)፣ የታይሮይድ ማነስ፣ ድብርት፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ የመስማት ችግር፣ ከወደቁ ከሳምንታት በኋላ የራስ ቅል ውስጥ የሚጠራቀም ደም። የሚያዘነጉ መድኃኒቶችም አሉ፦ አሚትሪፕቲሊን፣ ፕሮሜታዚን፣ ክሎርፌኒራሚን፣ ዳያዜፓም። ዳያዜፓምን ግን በድንገት ማቋረጥ ሰውን እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፍ ስለሚችል ሐኪም ሳይጠየቅ አይቁም። ብዙ የሚጠጣ ወይም ትውከቱ አልቆም ያለው ሰው ሲዘባርቅ፣ ዓይኑ ሲወዛወዝ፣ አካሄዱ ሲንገዳገድ የቲያሚን መርፌ በአስቸኳይ ያስፈልገዋል፤ ከዘገየ በታላመስና ማሚላሪ በሚባሉት የአንጎል ክፍሎች ላይ የሚቀር ጉዳት አዲስ ትዝታ መያዝን ለዘለቄታው ይወስዳል። መጃጃሉ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ ከሆነ ኢንፌክሽን፣ የስኳር መውረድ ወይም የውኃ እጥረት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባቸው።

ወደ ሐኪም ሲኬድ የተረሱት ነገሮች ከነቀናቸው የተጻፉበት ወረቀት፣ የሚወሰዱት መድኃኒቶች ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ጭምር፣ ይያዙ። ቃላት ተነግረዋቸው ከደቂቃዎች በኋላ ሲጠየቁ፣ «ሎሚ» ያልመጣላቸው ሰው «ፍራፍሬ ነበር» ሲባሉ ከመጣላቸው ችግሩ ፈልጎ ማውጣቱ ላይ ሊሆን ይችላል፤ በፍንጭም ካልመጣ መጀመሪያውኑ አልተያዘም ማለት ስለሆነ የሂፖካምፐስን ጉዳት ይጠቁማል። ትምህርት ቤት ላልገቡ ሰዓት መሣል ወይም ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መቁጠር ፍትሐዊ መለኪያ አይደለም። በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በአውሮፓ ያሉ ወላጆቻችን በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ሲፈተኑ ነጥባቸው ከእውነተኛው አቅማቸው በታች ይወርዳል። አስተርጓሚ ሲጠየቅም የሠለጠነ ይሁን፤ የልጅ ልጅ ካስተረጎመ ሳያስበው መልሱን ያቀብላል፣ አያቱም በልጁ ፊት አላውቅም ማለት ይከብዳቸዋል።